ተቀቅሎ የማይጠፋ፣ ቀን ተቆጥሮ የሚጠፋ



ሰሞኑን የዚህ ዓምድ ተከታታይ የሆኑ አንዲት እናት ደውለውልኝ ነበር። የባለቤታቸው እናት ለእንቅርት ሕክምና ውጭ አገር ሄደው «የጨረር እንክብል» የሚባለውን ውጠው ተመልሰዋል። እንክብሉን ከዋጡ አራት ወር ሞላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ሳህናቸውና ብርጭቋቸው ለብቻ ነው። ልብሳቸው በየሳምንቱ በትልቅ ድስት ይቀቀላል፣ አንሶላቸው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሁለት ዓመቱ የልጅ ልጅ ደግሞ «እማማ» እያለ በሩን ቢደበድብም አይከፈትለትም። የእናትየው ጥያቄ «ጨረሩ እንዲወጣ ልብሱ ስንት ሰዓት መቀቀል አለበት?» የሚል ነው።

መልሴ አጭር ነበር። ልብሱን ቢቀቅሉትም ባይቀቅሉትም ለውጥ የለውም፤ በሩን ግን ዛሬውኑ ይክፈቱት አልኳቸው። «እንዴት?» ሲሉኝ ግን ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ሌሎቻችሁም ቤት ሊመጣ የሚችል ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ላስፋፋው።

«ቀቅሉት» የሚለው ምክር በየቤታችን የገባው በምክንያት ነው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁሉ ጡጦውን ቀቅሉ፣ የመጠጥ ውሃውን አፍሉ እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ጀርም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሰውነቱ የተሠራበት ፕሮቲን በሙቀት ልክ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ የረጋ እንቁላል ደግሞ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ጀርሙም በዚያው ይሞታል። ከዚህ የተነሳ በብዙዎቻችን ሐሳብ እሳት የማያሸንፈው ክፉ ነገር ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ከምንፈራቸው ነገሮች መካከል ሕይወት ያላቸው ሁሉም አይደሉም። ሕይወት የሌለውን መግደል አይቻልም።

ለመሆኑ እሳት ውሃን ምን ያደርገዋል? ውሃ፣ እንደ ማንኛውም ነገር፣ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በረዶ ሆኖ ሳለ ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። እስክስታ የሚመታ ሰው እግሩን ሳያነሳ ትከሻውን ብቻ ሲነቀንቅ አስቡት። ሙቀት ሲጨመርበት መንቀጥቀጡ ይበረታና ቦታ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ በረዶው ቀለጠ ማለት ነው። አሁን ቅንጣቶቹ የሰርግ ድንኳን ውስጥ እንዳሉ እንግዶች ናቸው፤ እየተጋፉ ይተላለፋሉ እንጂ ከድንኳኑ አይወጡም። ሲፈላ ደግሞ ደወል እንደተደወለላቸው የትምህርት ቤት ልጆች በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ እንፋሎት የምንለው ይህንን ነው። ቅንጣቷ ግን በሦስቱም ቦታ ያቺው ናት። የወጥ ድስት ክዳን ስታነሱ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ወጡ ውስጥ የነበረው ነው፤ ወጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ተመለሰ።

አረቄ አውጪዎች ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። እሳቱ አልኮሉን አይፈጥረውም፤ አልኮሉ ድፍድፉ ውስጥ አስቀድሞ አለ። በባሕር ወለል ከፍታ 78 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ በብዛት ይተንና በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የተደረገው መለየት ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማችን ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ የውሃው ቅንጣቶች ለማምለጥ ብዙ መታገል አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ውሃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ያለች እህታችሁ «ሽምብራው ቶሎ በሰለልኝ» ብትላችሁ አትገረሙ፤ የእሷ ውሃ የሚፈላው ከእኛ ይልቅ ሞቆ ነው። ለጀርም 92ም በቂ ነው፤ ከ2000 ሜትር በላይ ላለን ሰዎች የሚመከረው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መተው ነው።

ከጀርም ውጭ ላለው ግን ማፍላት ሌላ ታሪክ አለው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎችን ጥርስ አይታችኋል። ያ ቡናማ ቀለም ፍሎራይድ ከሚባለው፣ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ከሟሟ ነገር የሚመጣ ነው። ብዙ ሲሆን ለአጥንትም ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ታዲያ አንዳንድ እናቶች ለልጆቻቸው ሲሉ ውሃውን ደጋግመው ያፈላሉ። ሲያፈሉት የውሃው ቅንጣቶች ይበራሉ፤ ፍሎራይዱ ግን ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ሊትሩ አንድ ሊትር እስኪሆን ከፈላ፣ በተረፈው ሊትር ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ለዚህ የሚበጀው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም በአጥንት ከሰል እንደሚሠራው ያለ ማጣሪያ ነው።

ስለ እንፋሎት ካነሳን አይቀር፣ እንደ ነርስ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የቅንጣቶቹ መበተን ብዙ ሙቀት ይጠይቃል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱ የሚለፋው ለዚህ ነው፤ ሙቀት መለኪያው ግን ባለበት ይቆማል። ያ ሁሉ ሙቀት በእንፋሎቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል። እንፋሎቱ የሕፃን ክንድ ላይ አርፎ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የተሸሸገውን ሁሉ እዚያው ያራግፈዋል። አንድ ግራም እንፋሎት ወደ ውሃነት ሲመለስ ብቻ የሚያራግፈው ሙቀት፣ አንድ ግራም የፈላ ውሃ ሰውነታችን ላይ ሲቀዘቅዝ ከሚለቀው ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። «እንፋሎት ብቻ ነው የነካው» ብላችሁ አትናቁት። ቶሎ ብላችሁ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና የሚባል ነገር አይቀባ።

በጤና ጣቢያ ክትባት ያስያዝን ሰዎችም የቅንጣትን ጠባይ የተማርነው ከበረዶ ነው። ከማቀዝቀዣው የወጣውን በረዶ ወዲያው ክትባት ሳጥን ውስጥ አንከትም። እየነቀነቅን፣ ከውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ እስክንሰማ እንጠብቃለን። በረዶ መቅለጥ ከጀመረ ጨርሶ እስኪቀልጥ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ከዜሮ በታች ሆኖ ከገባ ግን እንደ ቴታነስ ያለውን ክትባት አቀዝቅዞ ያበላሸዋል። አንዴ ረግቶ የቀለጠ ቴታነስ ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ስለሚዘቅጡ ይጣላል። ብዙ ጊዜ የነገሮች ሁኔታ ተለውጦ ይመለሳል ብንልም እንዲህ ያለ የማይመለስ አለ። በዚህም ጊዜ ቢሆን የተበላሸው አደረጃጀቱ ነው፤ አቶሞቹ እንደነበሩ ናቸው።

አሁን ወደ እማማ እንክብል እንሂድ። እንክብሉ ውስጥ ያለው አዮዲን ነው። ጨው ላይ የሚጨመረውና ቁስል የምንቀባው አዮዲን ዘመድ ነው፤ ዘመድ ስል ግን መንትያ ማለቴ ነው። አቶም መሐሏ ላይ ኒውክለስ የምትባል እምብርት አለች። አንዷ የአዮዲን አቶም የትልቅ ስታዲየም ያህል ብትሆን ኒውክለሷ ሜዳው መሐል እንደ ወደቀች ሽምብራ ናት። በዚያች ሽምብራ ውስጥ 53 ፕሮቶኖች አሉ፤ አዮዲንን አዮዲን የሚያሰኘው ይህ ቁጥር ነው። የጨዉ አዮዲን ከነዚህ ጋር 74 ኒውትሮኖች አሉት፤ ተስማምተው ይኖራሉ። የእንክብሉ አዮዲን ደግሞ 78 አሉት። አራቱ ትርፍ ሆነው ኒውክለሱን ሰላም ነስተውታል። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ አዮዲን የተባለውን ሁሉ ይሰበስባል። ሕክምናው የተሠራው በዚህ ነው።

የአዮዲን ፍሬ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ሐምራዊ ጭስ ሆኖ ይነሳል። ጭሱ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ተመልሶ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ይሆናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየ ሰው አይረሳውም። ሲሞቅም፣ ሲበርም፣ ሲረጋም አዮዲን ነው፤ ኒውክለሱን የነካው የለም፤ እሳቱ የሚደርሰው ስታዲየሙ አጥር ድረስ ብቻ ነው።

ሰላም ያጣው ኒውክለስ ግን አንድ ቀን፣ ማንም ሳይነካው፣ ከኒውትሮኖቹ አንዱ ፕሮቶን ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሮን ተወንጭፋ ትወጣለች፤ አብሮም ጋማ የሚባል ጨረር ይወጣል። ፕሮቶኑ 54 ሆነ፤ ስለዚህ ያ አቶም አዮዲን መሆኑ ቀርቶ ዜኖን የሚባል ጋዝ ሆነ። ወደ ኋላ አይመለስም። ተወንጫፊዋ ኤሌክትሮን ሥጋ ውስጥ ከሁለትና ሦስት ሚሊሜትር አትዘልቅም፤ የታመመውን ዕጢ የምትመታው እሷ ናት። ጋማው ግን ሰውነትን አልፎ ስለሚወጣ፣ አጠገብ ለተቀመጠ ሕፃን የምንጠነቀቀው ከእሱ ነው።

መቼ ነው የሚፈርሰው? ፈንዲሻ ስታፈነዱ የትኛዋ ፍሬ ቀድማ እንደምትዘል ታውቃላችሁ? አታውቁም። እፍኙ ሁሉ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ግን በልምድ ታውቃላችሁ። የኒውክለስም ነገር እንዲሁ ነው። ይህቺ ዛሬ፣ ያቺ ከወር በኋላ፤ ማንም አይለይም። ጠቅላላው ግን ሕግ አለው፤ የእንክብሉ አዮዲን በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ሁለት ነገር ግን ከፈንዲሻው ይለየዋል። ፈንዲሻን የሚያፈነዳው ውስጧ ያለችው እርጥበት በሙቀት እንፋሎት ሆና ቅርፊቱን ስትገፋው ነው፤ ከእሳት ብታወርዱት ያቆማል። ኒውክለስ ግን ብትቀቅሉት አይፈጥንም፣ በረዶ ውስጥ ብትጨምሩት አይዘገይም። ሁለተኛ፣ እንደ እኛ አይሸመግልም። ሦስት ሳምንት ሳትፈርስ የቆየች ኒውክለስ ነገ የመፍረስ ዕድሏ ከመጀመሪያው ቀን አይበልጥም፤ አያንስም። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ነገሩ የታወቀው ያን ያህል ጥንት አይደለም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ያየው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ማሪ ኩሪ ነገሩን ራዲዮአክቲቪቲ ብላ ሰየመችው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ራዘርፎርድና ሶዲ ሞንትሪያል ከተማ ሆነው አንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው እንደሚለወጥ አረጋገጡ።

ቁጥሩን በእማማ ላይ እናስላው። ሺህ ብለን ብንጀምር በ8ኛው ቀን 500፣ በ16ኛው 250፣ በ24ኛው 125 ይቀራል። በ80ኛው ቀን ከሺው አንድ ገደማ ነው። አራት ወር ማለት 15 ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ከ32,000 አንድ አካባቢ ይተርፋል። ይህም ሰውነት ምንም ባያስወጣ ነው። በእርግጥ አብዛኛው አዮዲን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ያ ልጅ አያቱን ማቀፍ ከጀመረ ወራት ሊያልፈው ይገባ ነበር። የተቀቀለው ልብስም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሰሞን ላብና ምራቅ ነክቶት ከነበረ፣ አዮዲኑን ከጨርቁ ወደ ውሃው አዛወረው እንጂ አልገደለውም። እየቀነሰ የሄደው በቀኑ ነው።

ጥንቃቄው ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ስንት ቀን እንደሆነ የሚወሰነው በተሰጠው መጠን ነው፤ ሆስፒታሉ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። ለብቻ መተኛት፣ ከሰው በተለይ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ወደ ሁለት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር የራቀ ሰው የሚደርሰው ጨረር ሩብ ብቻ ነው። ውሃ በብዛት መጠጣት፣ ወንዶችም ቢሆኑ ቁጭ ብሎ መሽናት፣ መጸዳጃውን ሁለቴ መልቀቅ፣ ልብስን ለብቻ በደንብ ማጠብና ማለቅለቅ ይገባል፤ መቀቀል አያስፈልግም። ለነፍሰ ጡር ይህ ሕክምና አይሰጥም። የምታጠባ እናት ከሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብላ ማቆም አለባት፤ ያንን ሕፃን ዳግም አታጠባም። ከሕክምናው በኋላም ሐኪሙ የሚወስነውን ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 6 ወር፣ ሳታረግዝ ትቆያለች።

«ጨረር» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራናል፤ እውነት ለመናገር ግን ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንፈነጥቃለን። ሙዝና ድንች ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ የፖታሲየም ኒውክለሶች ይፈርሳሉ። ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ሳለ ስንት እንዳለፉ አስሉት።

ኤክስሬይ ወይም ሲቲ ስካን የተነሳ ሰው ደግሞ ጨረር ይዞ ቤቱ አይገባም። መሣሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። ለካንሰር ከውጭ በመሣሪያ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰውም ከክፍሉ እንደወጣ ልጁን ቢያቅፍ ጉዳት የለውም። ጨረር ወስዳ የተመለሰች እናት ከጨረሩ ይልቅ የጎረቤት መሸሽ ሲያደክማት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ ያስቆጨኛል። አዮዲን የዋጡት እማማ የሚለዩት፣ ምንጩ ሰውነታቸው ውስጥ ስለገባ ነው።

ሁሉም ነገር ግን በቀናት አያልቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ብራዚል ውስጥ ጎያንያ በምትባል ከተማ፣ ከተተወ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ብረት ነቅለው ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ ሲዝየም 137 የሚባል፣ ጨው የሚመስል ዱቄት ነበረ። ማታ ማታ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ነጋዴው ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ አሳየ፤ ከዱቄቱም ቆንጥሮ አደለ። የስድስት ዓመት ልጅ እጇን ሳትታጠብ ምግብ በላች። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሰሞን መታመሙ ያጠራጠራት የነጋዴው ሚስት ነበረች፤ ያንን ዕቃ በአውቶቡስ ተጭኖ ለጤና ሰዎች እንዲደርስ አደረገች። እሷም፣ ሕፃኗም፣ ሌሎች ሁለትም ሞቱ። ወደ 112,000 ሰው ተመረመረ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። ሰዎቹ ታጠቡ፤ ሲዝየሙን ከአንጀት ይዞ የሚያወጣ ፕሩሽያን ብሉ የተባለ መድኃኒት ዋጡ፤ ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተዝቆ ተወሰደ። ይህ ሁሉ ከሰው ለማራቅ ነው እንጂ ሲዝየሙን ያጠፋ አንድም አልነበረም። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ነው። የተዛቀው አፈር ዛሬም ተከማችቶ ቀኑን ይቆጥራል።

ልጆቻችሁ ወድቆ ያገኙትን ብረት ለቁራሌው የሚያቀርቡ ከሆነ ምልክቱን አሳዩአቸው፤ ቢጫ መደብ ላይ ከመሐል ነጥብ ዙሪያ ሦስት ክንፍ። እንዲህ ያለ ዕቃ ካዩ አይንኩት፣ አያንሱት፤ ራቅ ብለው ለታላቅ ሰው ይንገሩ፤ ታላቁም ለፖሊስ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አረጋውያን መውደቅና ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል እንጫወታለን። ቸር እንሰንብት።